ያልተሰካው ሶኬት

እማማ በለጥሽ በሌላ ሰው ዓይን አያምኑም። ልጃቸው ጋሻዬ ዛሬ ባዝራቸውን ከዶርዜ በመኪና በሚጎተት የፈረስ መጫኛ ተሳቢ ሊያወርድ ነው፤ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ጉም ከወረደ ደግሞ፣ የኋላ መብራት የሌለውን ተሳቢ ከኋላ የሚመጣ መኪና ሳያየው ይጨፈልቀዋል። ስለዚህ ሲቀላ ሰፈር፣ የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ሰሊሆም ደጃፍ፣ ከተሳቢው ኋላ ራሳቸው ቆሙ።

«ፍሬን ርገጥ!» ብለው ጮኹ።

ጋሻዬ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ረገጠ። ቀዩ በራ።

«ልቀቅ! አሁን የግራ ፍሬቻ!»

ብልጭ ድርግም አለ።

«ጎሽ ሰሊሆም! ለካ ሥራም ታውቃለህ!»

ኤሌክትሪሺያኑ ከመኪናውና ከተሳቢው መሀል ቀና አለ። «እማማ፣ ምኑን አዩና? ተሳቢውን ከመኪናው መብራት የሚያገናኘው ሶኬት ገና እጄ ላይ ነው።»

«ፊደል ባልቆጥር መብራትም አላይ መሰለህ? በማን ትቀልዳለህ!»

ዞረው መጡ። እውነትም ሶኬቱ እጁ ላይ ነው፤ የሽቦዎቹ ጫፍ እንኳ ገና አልታሰረም።

«ጋሻዬ፣ ሞተሩን አጥፋና ውረድ።»

ወረደ። ቁልፉን ነጥቀው መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

«ዛሬ የትም አትሄድም። ባዝራዋ እዚያው ትቆይ፣ አልሞተች።»

ክንዱን ጨምድደው ወደ ተሳቢው ኋላ ይዘውት ሄዱ። ቀዩ መብራት በራ፣ ጠፋ፣ ደግሞ በራ፤ ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ሲነካካ እንደሚሆነው። ከዚያ በርቶ ቀረ።

ጋሻዬ አጠገባቸው አፉን ገጥሞ ቆሟል። ከባዶው ተሳቢ ውስጥ ግን የራሱ የጋሻዬ ድምፅ ቀስ ብሎ ጠየቀ፦

«እማዬ፣ ከኋላ እታያለሁ?»