አንቀመጥም ያለው ሰውዬ

“አንቀመጥም! እሺ ካላለች አንቀመጥም!” ይላል ዳይሬክተሩ፣ ገና ማንም ተቀመጡ ሳይለው።

መምህርት የትነበርሽ ግማሽ ፊቷ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ ቤቷ ውስጥ አልጋዋ ጫፍ ላይ ሆና በአንድ አይኗ ታየዋለች። ዳይሬክተሩ አቶ አስናቀው ከረባቱን ጥብቅ አድርጎ፣ ከላይ ነጠላ ጣል አድርጎ፣ ሁለት ሽማግሌ መሃል ተሰልፏል። በቀኙ የሰፈሩ ሽማግሌ አያ በላቸው፣ በግራው መስቀላቸውን የያዙ መምሬ ኪዳነ ማርያም። ከፊታቸው አወቀ፣ የአስራ አንደኛ ክፍሉ ጎረምሳ፣ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አንገቱን ደፍቷል። በተሰበረ የዴስክ እግር አይኗን የመታት እሱ ነው። ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ዞር ስትል።

ሐኪሙ ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆነች አይኗ አይተርፍም ብሏል። ትምህርት ቤቱ “ሥራ ላይ ነው የተጎዳችው” ብሎ ቢያምን ማሳከሙ የሱ ነው። አስናቀው ግን ከዛን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ሙጭጭ ብሏል፤ ጉዳዩ የአንቺና የልጁ ነው።

“ልጄ፣” ይላሉ አያ በላቸው፣ “ሰይጣን አሳስቶት ነው። ስለ መድኃኔዓለም ብለሽ ማሪው።”

“ማሪውና እንገላገል!” ይላል አስናቀው ከአፋቸው ነጥቆ። “ከእርቅ በኋላ ክስ የለ፣ ካሳ የለ። የትምህርት ቤቱም ስም አይነሳ።”

ለዚህ ነዋ ነጠላው! የትነበርሽ ግድግዳውን ተደግፋ ትነሳለች።

“አወቀ፣ ቀና በል። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ የደበደብክ ጊዜ ምን ተባልክ?”

“ወላጅ አምጣ ተባልኩ፣ ቲቸር።”

“አመጣህ?”

ልጁ በጎን ዳይሬክተሩን ሰረቅ አድርጎ ያየዋል። “አላመጣሁም።”

“እኔስ ምን አልኩህ?”

“ወላጅህ ሳይመጣ ክፍሌ አትገባም ብለው አስወጡኝ። ከዛ እሳቸው...” በአገጩ ወደ አስናቀው ያመለክታል። “እሳቸው እጄን ይዘው አስገቡኝ።”

“በማግስቱ መታኸኝ።”

“አዎ።” ድንጋዩን ትከሻው ላይ ያመቻቻል።

የትነበርሽ ወደ አስናቀው ትዞራለች። እስከዛሬ አንቱ ነበር የምትለው።

“ያኔ አንድ ወላጅ መጥራት ያቃተህ ሰውዬ፣ ዛሬ ቄስና ሽማግሌ ከየት አመጣህ?”

“አፍሽን ሰብስቢ! እኔ ለሽምግልና ነው የመጣሁት!”

“አስገብተህ ያስመታኸኝ አንተ! ደግሞ ሽማግሌ!”

“ኧረ በመስቀሉ!” ይላሉ መምሬ።

እሷ ግን አልሰማችም፤ ጎረምሳው ፊት ሄዳ ቆማለች። የምትመታው ነው የሚመስለው፤ ልጁ ራሱ አይኑን ጨፍኗል።

“ይቅር ለእግዚአብሔር፣” ትላለች። “አውርደው።”

“እሰይ! በቃ አለቀ!” አስናቀው እጁን እያፋተገ ወንበር ይስባል።

“ማን ተቀመጥ አለህ? አንቀመጥም ስትል አልነበር?” ከዛ ድንጋዩን ሊያወርድ ላጎነበሰው ልጅ፣ “እዛ አይደለም። እሱ እግር ስር አድርገው።”

አወቀ አያመነታም። ድንጋዩ ከአስናቀው የተወለወለ ጫማ ፊት ዱብ ይላል፤ አቧራው ሱሪው ላይ ይቦናል።

“የልጁ አለቀ። የዚህን ማን ይሸከም?” ትላለች አስናቀውን በጣቷ እያሳየች።

አያ በላቸው ዞር ብለው አስናቀውን ከላይ እስከ ታች ያዩታል። “ምነው አስናቀው? በዳይ ሆነህ ነው ከኛ ጋ የተሰለፍከው? ለማን ነበር ስንለምን የቆየነው?”

“አያ በላቸው፣ እኔ እኮ... እኔ እንደ ግለሰብ አይደለም የመጣሁት። ትምህርት ቤቱን ወክዬ ነው።”

“ሸጋ! እንግዲያ ማሳከሙን ትምህርት ቤቱ ይሸከማላ!” ይላሉ አያ በላቸው።

አስናቀው መምሬን ያያል፤ መምሬ ኮርኒሱን ያያሉ።

“አያ በላቸው፣ ተቀመጡ፣” ትላለች የትነበርሽ ወደ አልጋዋ ጫፍ ተመልሳ እየተቀመጠች። “መምሬ፣ እርስዎም።”

ይቀመጣሉ። አወቀም ትከሻውን እያሸ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ይላል። ሁሉም ወደ ዳይሬክተሩ ያያሉ።

አስናቀው ብቻውን ቆሟል። ነጠላው ከትከሻው ተንሸራቶ ድንጋዩ ላይ ወድቋል፤ ለማንሳት ግን ማጎንበስ አለበት።