የድልድዩ ዘብ

«ዛሬስ አኩርፎኛል» ትላለች እማዬ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

ጫማዬን እያሰርኩ ነው፤ ሥራ ረፍዶብኛል። «ማን?» እላለሁ ለነገሩ ያህል።

«ቀጮ ነዋ! ሦስት ጊዜ ሄጄ ቆምኩለት። ጭጭ።»

ቀጮ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከሞተ ሰባት ወሩ። አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ፣ አንዱን ውጭ አድርጌ ከኋላዋ እቆማለሁ። ስክሪኑ ላይ ጋሻና ጎራዴ የታጠቀው የእማዬ ጀግና ድልድይ የሚጠብቀው ዘብ ፊት ተገትሯል። ልጆች ሳለን ከቀጮ ጋር ያበድንለት ጌም ነው። የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ሠላሳ የምንሆን፣ በአካል እንኳ የማንተዋወቅ የጌሙ ወዳጆች፣ በትርፍ ጊዜያችን ከባዶ ተነስተን እንደገና እየሠራነው ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ ማየትም መጨመርም ይችላል። የጀመረው ቀጮ ነበር።

ሕጋችን አንድ ነው፤ ከጥንቱ ጌም ላይ አንዲት ቃል አይጨመርም፣ አይቀነስም። ስህተቱ እንኳ እንዳለ ይገለበጣል። ይህን የማጣራው እኔ ስለሆንኩ «ወንፊት» ይሉኛል። እኔም ስሙን ወድጄው ኖሬያለሁ።

«እማዬ፣ ይሄ ዘብ እኮ ‹እለፍ› ብቻ ነው የሚለው።»

«እሱ ለሌላው ሰው ነዋ። እኔ ምንም ሳልነካ ትንሽ ከቆምኩለት ያወራኛል። በገዛ ድምፁ። ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ነው ያስገባልኝ፤ ‹ስናፍቅሽ ድልድዩ ጋ ነይ› ብሎ።» ዞር ብላ ታየኛለች። «አብራችሁ አይደል እንዴ የምትሠሩት? የምታውቅ መስሎኝ።»

ለካ ለዚህ ነው። ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ፣ ስልክ መዝጋት የሚያስቸግራት ሴት፣ በሁለት ጣት ቁልፍ መጫን ተምራ በየቀኑ ያንን ሁሉ ጫካ የምታቋርጠው። እኔ ሐዘኗን የምትረሳበት ጨዋታ ያገኘች መስሎኝ ለጎረቤቱ ሁሉ ሳወራላት ነበር።

ያጠለቅኩትን ጫማ አወልቃለሁ። ቅዳሜ ዕለት ድምፆቹን ለመጀመሪያ ጊዜ በማጣሪያ ፕሮግራሜ ሳስፈትሽ፣ ከጥንቱ ጌም ውስጥ የሌሉ አርባ ሦስት ድምፆች አወጣልኝ። እንዲህ ያለውን ልጆቹ ለቀልድ ይሸጉጡታል፤ አንዱ የውሻውን ጩኸት፣ ሌላው የአክስቱን ሳቅ። የሁሉም ስም ቁጥር ብቻ ነው። አንዱንም ሳልሰማ አርባ ሦስቱንም በአንድ ትእዛዝ ከኮዱ ጠረግኳቸው። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ዋናው ውስጥ የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ኮድ ቢጠፋ ችግር የለውም፤ የተጻፈው ሁሉ ታሪኩ ስለሚቀመጥ ይመለሳል። ድምፅ ግን ስለሚከብድ ለብቻው ሌላ ሰርቨር ላይ ነው ያለው። ኮዱ የማይጠራውን ድምፅ ደግሞ ሰርቨሩ እሑድ እሑድ ራሱ ይደመስሰዋል። ያንን ደንብ ያወጣሁትም እኔው ነኝ። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ታዲያ መልሰዋ!» ትላለች፣ የጠመመ ስፌት ተርትረህ ስፋው የምትል ያህል ቀለል አድርጋ። ወንበሯንም ትለቅልኛለች።

ሥራ ቦታ ደውዬ አሞኛል እላለሁ። ውሸትም አይደለም። ለቡድኑ እጽፋለሁ፤ የባለፈው ሳምንት የሙከራ ቅጂ ያለው ሰው እባካችሁ። መልሱ ይከታተላል። «የኔ ትናንት ራሱን አድሷል።» «እኔም ጋ የለም።» «ምነው፣ ምን ነበረበት?» የእማዬም ቅጂ እንደ ሁሉም ትናንት ማታ ራሱን አድሷል። ለሕዝብ በለቀቅነው ጌም ውስጥ ደግሞ ድምፁ ገና አልገባም ነበር። ይሄ የተቀመጥኩበት ኮምፒውተር የቀጮ ነው፤ ለእማዬ ይፍጠንላት ብዬ በገዛ እጄ ሙልጭ አድርጌ አጥፍቼ ሁሉን እንደ አዲስ ጫንኩበት። ያኔ መርቃኝ ነበር።

«አይዞህ፣ አትቸኩል» ትለኛለች ከኋላዬ ትከሻዬን ይዛ። እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር።

ቢያንስ ኮዱን እመልሳለሁ። ከኮዱ ጋር የዘቡ አፍ እንቅስቃሴ ይመለሳል፤ እሱ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ተርፏል። እማዬ ወንበሯ ላይ ተመልሳ መነጽሯን ታስተካክላለች፤ ጀግናዋን ድልድዩ ጋ ታቆማለች። እንጠብቃለን። ዘቡ ቀና ብሎ ወደ እኛ ይዞራል፤ አፉ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ድምፅ የለም።

እማዬ ትንሽ ታየዋለች። ከዚያ አፉን እየተከተለች እሷው ትናገርለታለች።

«መጣሽ እንዴ እማዬ? ጎሽ! ድልድዩን እንዳትሻገሪ፣ ማዶ አውሬ አለ። እዚሁ ከኔ ጋ አረፍ በይ። መድኃኒትሽን ዋጥሽ? አትዋሺኝ። ወንድሜን ደግሞ...»

ታቆማለች።

«ወንድሜን ደግሞ ምን?» እላለሁ።

«እንጃ ልጄ።» እጇን አፏ ላይ ትጭናለች። «እዚህ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ሳቄ ይመጣል፤ የሚቀጥለውን በደንብ ሰምቼው አላውቅም። ነገ እሰማዋለሁ እያልኩ...»

የዘቡ ንግግር አላለቀም። ከእማዬ ትከሻ በላይ አንገቴን አስግጌ፣ ከንፈሩን ላነብ ፊቴን ስክሪኑ ላይ እለጥፋለሁ። ግን የድሮ ጌም አፍ ነው፤ ከመከፈትና ከመዘጋት በቀር ምንም አያውቅም። ይከፈታል፣ ይዘጋል።