ሳሎኔ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን

ፓስተሩ «ወንድም እንየው» ይላል። እኔ ደግሞ ከአግዳሚው በግማሽ ተነስቻለሁ።

በቃ፣ ኮቴን የማስተካክል መስዬ መልሼ እቀመጣለሁ። ሚስቴ ይመኙሽ አይታኛለች፤ ግን ያላየች ሆና የመዝሙር መጽሐፏን ትገልጣለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአዲስ ቅዳም አድቬንቲስቶች እስከ ዛሬ ቡድን ነበርን፣ ቅዳሜ ሰንበት በመጣ ቁጥር እኔ ሳሎን የምንሰበሰብ። ዛሬ ፓስተሩ ከባሕር ዳር የመጣው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ሊያደራጀን ነው። ሥርዓቱ ላይ መጀመሪያ ሦስት ሰው ይጠራል፤ መሠረት የሚባሉት እነሱ ናቸው። የቀረነው አንድ በአንድ ስማችን ይጠራና እነሱ እጅ እያወጡ ይቀበሉናል። የመጀመሪያው ስም የኔ ነው ብዬ ነው ኮት የለበስኩት።

የኔ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? ስሙ ራሱ ቅዳሜ በሆነ ከተማ፣ ገበያው ቅዳሜ በሆነበት፣ ከሰል ነጋዴ ሆኜ ቅዳሜ መሸጥ ያቆምኩት እኔ ነኝ። «ቅዳሜን ያገባት» እየተባለ የተሳቀው በኔ ነው። እኔና ይመኙሽ ሁለታችን ብቻ ስንዘምር ጎረቤት ጠብ መስሎት ሊገላግል መጥቶ ያውቃል።

እንየው የመጣው ኋላ ነው። ከዳንግላ፣ ባጃጅ ሊጠግን። መጣና በአዊኛ ጸለየ፣ በቃ አለቀ። እኔ ከሰላምታ በቀር አዊኛ አላውቅም። የኔ አማርኛ ስንት ዘመን ለፍቶ ያላመጣውን ሰው እሱ በአንድ ክረምት ከየገጠሩ ሰብስቦ ሳሎኔን ሞላው። ሶፋው ወጣ፣ ቁም ሳጥኑ ወጣ፣ አግዳሚ ገባ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እሱ ሲሰብክ ሁሉም ይስቃል፣ አዊኛ የምታውቀው ይመኙሽም ትስቃለች፤ ምን አለ ብዬ ስጠይቃት ሲተረጎም አያስቅም ትለኛለች። በገዛ ቤቴ።

ፓስተሩ ሁለተኛ እማ ደጊቱን ይጠራል። ምርኩዛቸውን ይዘው ይወጣሉ። ይሁን፣ አሮጊት ናቸው፣ ቅርም አይለኝም። ሦስተኛውን ሊጠራ አፉን ሲከፍት የኮቴን ቁልፍ እቆልፋለሁ።

«እህት ይመኙሽ።»

እሷም ደንግጣ ታየኛለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ትወጣለች፤ ምን ታድርግ።

እኔም ተነስቼ እወጣለሁ፣ ወደ ደጅ። መንገዱ ገበያተኛ ብቻ ነው። የዲከረንስ ዛፍ ከሰል የተጫኑ አህዮች መሀል መንገዱን ይዘውታል፣ ባጃጁ ከኋላ ይጮህባቸዋል። ድሮ አብረን እንነግድ የነበርነው ውቤ ጆንያ ተሸክሞ ሲያልፍ ያየኛል። ጸሎቱ አለቀ ወይስ አባረሩህ ይለኛል። አየር ልወስድ ነው እለዋለሁ።

«እሱንስ በኪሎ ነው በጆንያ የምትሸጠው?» ብሎ እየሳቀ ያልፋል።

ከውስጥ ስም ይጠራል፣ እጅ ይወጣል፣ ተቀበልን ይባላል። ሽባባው፣ ተቀበልን። እህተማርያም፣ ተቀበልን። እነዚህ እኮ ይሄን ቤት ሲያገኙት ግድግዳው ቀለም ተቀብቶ ነው። ቀለሙን ማን ቀባው? እና አሁን እንየው እጁን እስኪያወጣልኝ ልጠብቅ ነው? አንድ ነገር ቢያወጣብኝ በወደድኩ። ሙሐባው ኩራተኛ ነው፣ አይገባም ይበል። ይበልና በደንብ ልጥላው፣ በምክንያት።

«ወንድም ሙሐባው» ይላል ፓስተሩ።

በሩን ገፍቼ ደፉ ላይ እቆማለሁ። ሦስቱ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ይመኙሽ እጇን አወጣች። እማ ደጊቱም አወጡ። የእንየው እጅ ግን ጉልበቱ ላይ ነው።

ፓስተሩ ጉሮሮውን ይጠርግና፣ ተቃውሞ ያለው ሰው ካለ ለብቻው መነጋገር ይቻላል ይላል። ውስጤ ሞቅ ይለኛል። መጣልኝ፣ እላለሁ።

«እጅማ አላወጣለትም» ይላል እንየው። በአማርኛ ነው፣ እኔ እንድሰማው። «ለቤቱ ባለቤት እጅ ይወጣል እንዴ? እኔን በዚህ በር ሲያስገባኝ ማንን አማከረ?»

ከዚያ ብድግ ይላል።

«ኖር፣ አያ ሙሐባው።»

የተከበረ ሰው ሲገባ እኛ አገር ተነስቶ የሚባለው ይሄ ነው። እማ ደጊቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ይነሳሉ። ይመኙሽ ትነሳለች። አግዳሚው በሙሉ ሲጥ ሲጥ እያለ ይለቀቃል፤ ኖር፣ ኖር፣ ኖር። ፓስተሩ የወለጋ ልጅ ነው፣ ነገሩ አልገባውም። ይሄ ድምፅ መስጠት ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ እማ ደጊቱ በእጅጌው ጎትተው ያስነሱታል።

አሁን ከኔ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነው። «በእግዜር» ካልኩ ሁሉም ይቀመጣል። ካላልኩ የሚቀመጥ የለም፣ ነውር ነው።

ቃሉ ምላሴ ላይ ነው። እንየውን አየዋለሁ። ጥፍሩ ስር የባጃጅ ግራሶ አለ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል። አማረበት። ይሄም አማረበት።

ይመኙሽ በዓይኗ በል እንጂ ትለኛለች።

ትንሽ ይቁም፣ እላለሁ በሆዴ፣ የእማ ደጊቱ ምርኩዝ ወለሉ ላይ እየተንቀጠቀጠ። ትንሽ ብቻ።