የሚራገጥ ስጦታ

"እማ… መጋዙ የታለ?"

ዑመይር ጓዳው መሃል እንደቆመ ነው የጠየቀው።

ከመርካቶ ተሸክሞት የመጣው አዲሱ ሞተር መጋዝ ማታ ካስቀመጠበት ቦታ የለም… የቀረው ባዶ ካርቶኑ ብቻ ነው።

እናቱ ሀጀራ ቆጮ ከሚከትፉበት ቀና ሳይሉ "አባትህ ይዞት ወጣ" አሉት።

ወዴት እንደሄደ ሲጠይቃቸው "ሲመጣ ራሱ ይነግርሃል" አሉት።

ዓረፋ ደርሷል። በመስቃን ገጠር ደግሞ የበዓል እንጨት የወንድ እዳ ነው… ለድግሱ እንጨት ያጠረ እንደሆነ የሚታማው የቤቱ ወንድ ነው።

አባቱ ጋሽ ሀቢቡ ይህን እዳ ዕድሜ ልካቸውን የተወጡት በመጥረቢያ ነው። አሁን ግን ትከሻቸው እምቢ ብሏል።

መርካቶ ላይ ሱቅ ሱቅ እያለ ስንት ዓረፋ ሳይመጣ የቀረው ዑመይር፣ ይህን በስልክ ሲሰማ ጊዜ ዘንድሮ ሞተር መጋዝ ገዝቶ ከች አለ።

"ከእንግዲህ መጥረቢያ አታነሳም አባ" ነበር ያለው ማታ ሲያስረክባቸው።

አባት አልመረቁትም።

ይህቺን ልብ በሉልኝ… በዚያ አገር ልጅ ከከተማ ካልሲ ይዞ ቢመጣ እንኳ ይመረቃል።

ጋሽ ሀቢቡ ግን መጋዙን አገላብጠው አዩት። እጃቸውን ወደ ካርቶኑ ሰደው ታች ድረስ ፈተሹ። ከዚያ "ይሄ ነገር ይራገጣል ይላሉ" ብቻ አሉ።

ዑመይር ሳቀ። "አባ… አህያ እኮ አይደለም።"

አባትየው አልሳቁም።

አሁን ዑመይር ያን ዝምታ መልሶ መላልሶ ያስበው ጀመር… ካረጁ አይበጁ ያልኩት መስሎት ይሆን?

በዚህ መሃል ጎረቤታቸው ሙዝደሊፋ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። ወሬ ካገኘ ምሳ የማያምረው ሰው ነው።

ጋሽ ሀቢቡን በጠዋት አይቷቸዋል… መጋዙን በጋቢ ጠቅልለው በባጃጅ ወደ ቡታጅራ ሲሄዱ። "ዛሬ ገበያ አይደል እንዴ?" አለና የቀረውን በዓይኑ ጨረሰው።

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል። ዑመይር የጨመረበት ሐሳብ ግን ክፉ ክፉውን ነበር።

ስጦታዬን ሊሸጠው ሄደ…

ሻንጣውን ማሰናዳት ጀመረ። እናቱ በሩ ላይ ቆሙበት።

"አባትህ ሳይመጣ አትሄድም።"

ልጃቸው ዛሬ አኩርፎ ከወጣ በቀላሉ እንደማይመለስ ያውቁታል።

ከሰዓት በኋላ ባጃጇ ደጅ ላይ ቆመች። ጋሽ ሀቢቡ መጋዙን እንደ ሕፃን ታቅፈው ወረዱ።

"አባ፣ ካልፈለግከው ምነው ብትነግረኝ? ወይስ ገዢ ጠፍቶ ነው የመለስከው?"

አባት ነገሩ እንዳመማቸው ፊታቸው ላይ ታየ። ግን አልተቆጡም።

"ና፣ ግንዱን ቁረጥልን" አሉት። "በሁለት እጅህ አጥብቀህ ያዘው። በአፍንጫው፣ በጫፉ በኩል፣ ምንም እንዳትነካ። አህያ ሲራገጥ ከኋላው አትቆምም አይደል? ይሄንንም ከጎኑ ቁምለት።"

ዑመይር በንዴት ግማሹን እንኳ አልሰማም። ሞተሩን አስነስቶ ከእንሰቱ ጀርባ የተጋደመውን ባህር ዛፍ ይከታትፈው ጀመር…

ጥሩ እየሄደለት ሳለ የመጋዙ አፍንጫ ከወዲያ በኩል የተኛውን ሌላ ግንድ ነካ።

መጋዙ ተስፈንጥሮ ወደ ፊቱ ተወረወረ።

ዓይን ለመጨፈን እንኳ ጊዜ አልነበረም… ግራ እጁ ከመያዣው ፊት ያለውን መከላከያ ሲገፋው ቀጭ አለ። ሰንሰለቱም ከግንባሩ ስንዝር በማትሞላ ርቀት ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሞተሩን አጠፋ። እዚያው ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አለ።

ያኔ ነው ትዝ ያለው…

ያን መከላከያ መርካቶ ላይ ያስፈታው እሱ ራሱ ነበር! አንድ ጓደኛው "ይሄ ፕላስቲክ በነካኸው ቁጥር ሰንሰለቱን እያቆመ ሥራ ያስተጓጉልሃል" ብሎት፣ አስፈትቶ ካርቶኑ ውስጥ ወርውሮታል።

ታዲያ ማን መለሰው?

የነገሩት ድምፁን ሰምተው ከጓዳ የወጡት እናቱ ናቸው። አባቱ ማታ ያን ፕላስቲክ ካርቶኑ ግርጌ አግኝተውታል። ሞፈርና ቀንበር ስሠራ ኖሬ አንድም ትርፍ እቃ ተርፎኝ አያውቅም፣ ይሄ ከየት ተረፈ እያሉ ሲገላበጡ ነው ያደሩት።

ሲነጋ ቡታጅራ ወዳለው መጋዝ ጠጋኝ፣ ወደ ሸረፋ ሄዱ። ሸረፋ ራሱ መጋዝ ተራግጦበት አገጩ ላይ ጠባሳ አለበት። መከላከያውን ገጠመላቸው። አያያዙንም አሳያቸው… በቃላቸው እስኪይዙት ድረስ ንቅንቅ አላሉም።

"ታዲያ ማታውኑ ለምን አልነገርከኝም አባ?"

"ስጦታ ይዞ ለመጣ ሰው የስጦታው ነውር ይነገረዋል እንዴ?" አሉ ጋሽ ሀቢቡ፣ ከልጃቸው ጎን ሰጋቱራው ላይ እየተቀመጡ። "ልመርቀው አፌን ስከፍት ፈራሁ ልጄ። ከስንት ዓረፋ በኋላ አንተን ያመጣልኝ መጋዝ ነው… መልሶ እንዳይወስድብኝ ፈራሁ።"

ዑመይር የአባቱን ጉልበት አቅፎ አለቀሰ።

ያኔ ጋሽ ሀቢቡ መዳፋቸውን ዘረጉ። ማታ የቀረውን ምርቃት አንድም ሳያስቀሩ አወረዱት፣ ሀጀራም አጠገባቸው ቆመው አሚን አሉ።

የዚያ ዓመት የዓረፋ እንጨት ለጎረቤት ተርፏል… ለሙዝደሊፋም ጭምር።

ወዳጆቼ… ስጦታችንን በእልልታ ያልተቀበለ ሁሉ የናቀን አይደለም። አንዳንድ ፍቅር ምንም ሳይናገር በጠዋት ባጃጅ ይሳፈራል።

ሞተር መጋዝ ያላችሁ ደግሞ አደራ… መከላከያውን አትፍቱ፣ በጫፉ አትቁረጡ፣ ከትከሻችሁ በላይ አታንሱት። ቤት የሚጠብቃችሁ ሰው አለ።

እናንተስ… ንቀት መስሏችሁ ያኮረፋችሁበት፣ ኋላ ግን ፍቅር ሆኖ ያገኛችሁት የአባት ወይም የእናት ዝምታ አለ? ታች ጻፉልኝ… ሁሉንም አነባለሁ።