የተወጉት ብርቱካኖች

ትርሲት የነርስነት ትምህርት ውሉን ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። የነርስ ደመወዝ የመምህር እጥፍ ነው፤ የትምህርቱ ብድር የሚከፈለው ግን በእጅ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የነርሷ እጅ የአበዳሪው ነው። ከሆስፒታል ውጭ የገዛ ዘመዷን እንኳ ብታክም፣ እጇ ላይ የሚታሰረው አምባር ያውቅባታል፤ ለአንድ መርፌ አንድ ወር ይጨመርባታል።

እናቷ ወይዘሮ የሺመቤት ደግሞ ስኳር አለባቸው። ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን የምትወጋቸው እሷ ናት፤ እሳቸው መርፌውን ገና ሲያዩት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«መምህርነት ይሻለኛል እማዬ። ዕዳው ትንሽ ነው።»

«ደሞዙስ? ደግሞ አንቺ እኮ በልጅነትሽ ለዶሮ እግር ፋሻ ስታስሪ የኖርሽ ነሽ!»

«አንቺንስ ማን ይወጋሻል?»

«እግዜር አለ» አሉና ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ገበያ ወጡ።

ትርሲት ከቁም ሳጥኑ ላይ ብርቱካን አንስታ ልትልጥ ስትል ጭማቂው በጣቶቿ መሃል ፈሰሰ። ልጣጩ በመርፌ ተበሳስቷል። ሌሎቹንም አገላብጣ አየቻቸው፤ አምስቱም ተወግተዋል። የጠወለገው ላይ ቀዳዳዎቹ የተንሻፈፉ ናቸው፤ ትኩሱ ላይ ግን ቀጥ ያሉ።

በማግስቱ ጠዋት መድኃኒቱን ቀዳችና መርፌውን ለእናቷ አቀበለቻቸው።

«በይ እስቲ አንቺው ሞክሪው።»

ወይዘሮ የሺመቤት ብርቱካኖቹን በጨረፍታ አዩና ፈገግ አሉ። ከዚያ ሆዳቸውን ቆንጠጥ አድርገው ይዘው መርፌውን ቀጥ አድርገው ሰኩት።

በዚያን ጠዋት ዓይኗን የጨፈነችው ትርሲት ነበረች።