የምደባው ዝርዝር

ስሙን በሰሌዳ ላይ መፈለግ የፈራ ተማሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንዲት ተማሪ በጤና ኮሌጁ ሰሌዳ ፊት እንዲያ ሆና ነበር። ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ የሚበልጥ ውጤት ይዛ፣ የምደባውን ወረቀት በጣቷ እየተከተለች በፍርሃት ታነባለች።

«ዶክተር፣ አንቺ ከፈራሽ እኛማ እንሙት!» ስትል ጓደኛዋ ሐመልማል ሳቀችባት።

ጣቷ «ሕክምና» ከሚለው ርዕስ ሥር ቆመ። ስሟ አንደኛ ተራ ላይ ሰፍሯል። ሐመልማል እልል አለች፤ እሷ ግን መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ደስታ ነው» አሉ በዙሪያዋ የነበሩት።

ተነሥታ ወደ ሬጅስትራር ቢሮ ሮጠች።

«ጋሼ፣ እኔ አንደኛ ምርጫዬ ብዬ የሞላሁት አዋላጅነት ነው!»

«አይቻለሁ፣ ልጄ» አሉ የቢሮው ኃላፊ ፈገግ ብለው። «በዚህ ውጤት አዋላጅነት? ተሳስታ ነው ብዬ አስተካከልኩልሽ።»

«እናቴ በምጥ ስትሞት ሆስፒታሉ ሐኪም ነበረው። ያልነበረው ከጎኗ የሚቆይ አዋላጅ ነው።»

ፈገግታቸው ጠፋ። «ምደባው ጸድቋል። ከእንግዲህ አይቀየርም።»

«እንግዲያው ነገ ተማሪው ሁሉ ስለ ምደባው በሚሰበሰብበት አዳራሽ ቆመው ይህን ይመልሱልኝ» አለች። «በእኔ ምርጫ ላይ እንዲጽፉ ማን ፈቀደልዎ?»