የማይስማማ መድኃኒት

የሥልጠና አስተባባሪው ኮምፒዩተሩን ሲከፍት ሐኪሞቹ በስክሪኑ ላይ ተደርድረው ጠበቁት። መድኃኒት በጥንቃቄ ስለ ማዘዝ የሚሰጠውን የኦንላይን ሥልጠና የሚመራው እሱ ነው። ከሐኪሞቹ አንዱ የሆነውን የእህቱን ባል ፊት ግን ማየት አልፈለገም። ባለፈው ዙር ሐኪሙ፣ "አማቼ፣ በሞቴ፣ አንተው ጨርስልኝ" ብሎ ስለ ለመነው በእሱ ስም ገብቶ፣ ትምህርቱን ሳያዳምጥ "ቀጥል" የሚለውን ቁልፍ እየተጫነ አሳልፎለታል። ብዙም ሳይቆይ ሐኪሙ ምንም ሳይጠይቅ ለአንዲት አሮጊት ያዘዘው መርፌ ሳይስማማቸው ቀርቶ ሞቱ። ትምህርቱን ማን እንደ ጨረሰው ከሁለቱ በቀር ያወቀ የለም።

ዛሬ ልምምድ ነው። ታማሚ መስላ የምትጫወተው አብራው የምታሠለጥነው ፋርማሲስት ናት።

"በሉ ጠይቁኝ፤ ዛሬስ ታምሜም ቢሆን ልረፍ" ብላ ሁሉንም አሣቀች።

ተራው ለእህቱ ባል ደረሰ። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እናቴ፣ የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?" አለ።

"አለ እንጂ ልጄ" አለ የደከመ የአሮጊት ድምፅ። "ያኔ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።"

ሐኪሞቹ ሣቁ።

"ኧረ ቆዩ!" አለች ፋርማሲስቷ። "እኔ መቼ አፌን ከፈትኩ?"

የእህቱ ባል ፊት አመድ መሰለ። አስተባባሪው የሁሉንም ማይክ ዘጋ። የሐኪሞቹ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። አልበቃው ብሎ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቀለ።

"አንተም ጠይቀኝ እንጂ ልጄ" አለ ድምፁ ከአጠገቡ። "እኔ እንደሆንኩ አልቸኩልም።"